ጥያቄና መልስ፦ ለጠመንጃ ስኮፕ ስንት ይከፈላል?

የአጋዘን አደን ወቅት ሲቃረብ አሜሪካ ከሚኖሩ አንባቢዎቻችን የሚደርሰን ጥያቄ ዞሮ ዞሮ ስኮፕ (ጠመንጃ ላይ የሚጫን አጉልቶ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ) ላይ ያርፋል። ተኳሾች በዚህ ጉዳይ ተስማምተው አያውቁም። አንዱ ያለውን ሁሉ መስታወት ላይ ያፈሳል፤ ሌላው ከጠመንጃው ጋር ተገጥሞ የመጣውን ይዞ ይወጣል፤ በየዓመቱ የሚቀይርም አለ። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አጣምረን መልሰናል። የጠቀስናቸው ዋጋዎች የአሜሪካ ገበያ ግምት ናቸው።

ጥያቄ፦ በ600 ዶላር .308 ጥይት የሚጎርስ ቦልት አክሽን (በእጅ እየተሳበ የሚተኮስ) ጠመንጃ ገዛሁ። አብረውኝ አደን የሚወጡት ጓደኞቼ ሦስት ቦታ ተከፈሉ። አንዱ «ስኮፑ ቢያንስ የጠመንጃውን ያህል ማውጣት አለበት» ይላል። ሌላው «ለመቶ ያርድ የመቶ ዶላሩ ይበቃል» ባይ ነው። ሦስተኛው ጀርመን ወይም ኦስትሪያ ያልተሠራውን ስኮፕ ብሎ አይጠራውም። ማንን ልስማ? (ከሚኒሶታ)

መልስ፦ የመጀመሪያው ጓደኛዎ የሚጠቅሰው ደንብ ዕድሜ ጠገብ ነው፤ በጊዜው ምክንያት ነበረው። ብርሃን ቅብ በሌለው የሌንስ ገጽ ባለፈ ቁጥር 4 በመቶ ገደማው ተንጸባርቆ ይመለሳል። ስኮፑ 12 የሌንስ ገጽ አለው ብንል ዓይን ጋ የሚደርሰው ከገባው ብርሃን 61 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። የጀርመኑ ሌንስ አምራች የዛይስ ባልደረባ የነበረው አሌክሳንደር ስማኩላ ነጸብራቅ የሚቀንሰውን ቅብ የፈለሰፈው በ1935 ቢሆንም ቅቡ እስከ ርካሾቹ ስኮፖች ለመውረድ ብዙ ጊዜ ወስዷል። ያኔ ርካሽ ስኮፕ ማለት ጨለማ፣ ዝናብ ሲያገኘውም ውስጡ የሚላበው ነበር። የጠመንጃውን ዋጋ ያህል ያላወጣ ሰው ጎህ ሲቀድ ምንም አያይም ነበር ማለት ይቻላል።

አሁን በ150 ዶላር ስኮፕ ላይ እንኳ ሌንሶቹ ሁሉ የተቀቡ፣ ቱቦው ናይትሮጅን የተሞላ ሆኖ ያገኙታል። ስለዚህ ተጨማሪው ገንዘብ የሚገዛው ነገር ተቀይሯል። ከ150 ወደ 300 ዶላር ሲወጡ በዋናነት የሚያገኙት ዜሮውን (ጥይቱ ካነጣጠሩበት እንዲመታ የተስተካከለበትን) የሚጠብቅ ጠንካራ የውስጥ አሠራርና ከፋብሪካ ሲወጣ የተሻለ ቁጥጥር ነው። ከ300 ወደ 800 ሲያልፉ መስቀለኛ መስመሩን የሚያንቀሳቅሱ፣ ጠቅታቸው የታመነ መዞሪያዎችና እስከ ጠርዙ የጠራ ምስል ይመጣሉ። ከ1,500 በላይ ደግሞ ልዩነቱ እየቀጠነ ይሄዳል፤ የመጨረሻዎቹን የብርሃን ደቂቃዎችና መዞሪያውን በቀን መቶ ጊዜ የሚያዞር ተወዳዳሪ የሚፈልገውን ጥንካሬ ነው የሚገዙት።

ሁለተኛው ጓደኛዎ ግማሽ እውነት ይዟል። የመቶ ዶላር ስኮፕ ለዓመታት ሳይነቃነቅ ሊያገለግል ይችላል። ችግሩ የዚያው ሞዴል ሌላኛው ፍሬ በሦስተኛው የጥይት ፓኮ ዜሮውን ሊጥል መቻሉ ነው። በዚህ ዋጋ ከአንድ መደርደሪያ የወረዱ ሁለት ስኮፖች እኩል አይሆኑም፤ የትኛው እንደደረስዎ የሚያውቁት ደግሞ ተኩሰው ነው። በተለይ .308 ርግጫው ቀላል አይደለም።

ሦስተኛው ጓደኛ የሚያደንቀው መስታወት በእርግጥ ድንቅ ነው፤ የተሠራው ግን ለሌላ አደን ነው። ጀርመን ውስጥ የዱር አሳማ በጨረቃ ብርሃን ከማማ ላይ ይታደናል። 8x56 የሚባለው (8 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ 56 ሚሊሜትር የሆነ) ስኮፕ እዚያ የተወደደውም ለዚህ ነው፦ 56 ለ 8 ሲካፈል 7 ሚሊሜትር፣ ማለትም የወጣት ዓይን ብሌን በጨለማ የሚከፈተውን ያህል ስፋት ያለው ብርሃን ያወጣል። ሚኒሶታ ውስጥ አጋዘን መተኮስ የሚፈቀደው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት አስቀድሞ ጀምሮ ከገባች ግማሽ ሰዓት በኋላ ድረስ ነው። ከዚያ ውጭ የሚያሳይዎትን ብርሃን ከፍለው ቢገዙትም ሊተኩሱበት አይችሉም።

የተሠራበት አገር ብቻውን ብዙ አይነግርም። አሜሪካዊ ስም ያላቸው ድርጅቶች ብዙዎቹ ጃፓን፣ ፊሊፒንስና ቻይና ያሉ ፋብሪካዎችን ያሠራሉ። ቮርቴክስ ለምሳሌ ርካሹን ክሮስፋየር ቻይና፣ ውዱን ሬዘር ጃፓን ያሠራል። ፋብሪካው የሚሠራው ያዘዘው ድርጅት የከፈለውን ያህል ነው።

ለእርስዎ የምንመክረው ከ200 እስከ 350 ዶላር የሚያወጣ 3-9x40፣ ተራ መስቀለኛ መስመር ያለው፣ አንድ ኢንች ቱቦ ነው። ስኮፑን ጠመንጃው ላይ ለሚይዙት ማያያዣና ቀለበቶች ከ50 እስከ 100 ዶላር ይመድቡ፤ እዚህ ላይ አይቆጥቡ። የተረፈውን ቢያንስ አምስት ባለ 20 ፍሬ ፓኮ ጥይት ይግዙበት። ጫካ ውስጥ ሲንቀሳቀሱ ስኮፑን 3x ላይ ይተዉት፦ በመቶ ያርድ ወደ 33 ጫማ ስፋት ያሳያል፤ 9x ላይ ግን ወደ 14 ጫማ ይወርዳል። ቅርብ የቆመ አጋዘን በ9x ሲፈለግ የሚገኘው ቡናማ ጸጉር ብቻ ነው። የ150 ግሬን (የጥይት ክብደት መለኪያ) ጥይቱን በ200 ያርድ ዜሮ ቢያደርጉት በመቶ ያርድ 2 ኢንች ያህል ከፍ፣ በ300 ያርድ 8 ወይም 9 ኢንች ዝቅ ብሎ ይመታል። እስከ 200 ያርድ ባለው ርቀት መሐሉን ይዘው ይተኩሳሉ፤ መዞሪያ መንካት አያስፈልግዎትም።

ጥያቄ፦ ሱቅ ውስጥ አምስት ስኮፕ በየተራ አይቼ የ200ውንና የ1,500 ዶላሩን መለየት አቃተኝ። ዓይኔ ነው ችግሩ? (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ ዓይንዎ ደህና ነው። በሱቅ መብራት ሥር ብሌንዎ ወደ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ይጠባል፤ አብዛኛው ስኮፕ ደግሞ ከዚያ የሰፋ ብርሃን ያወጣል። ከመደርደሪያው ማዶ የተለጠፈ ማስታወቂያ ማንበብ ሁሉም ስኮፕ የሚችለው ፈተና ነው።

ሻጩን አስፈቅደው ከተቻለ አመሻሽ ላይ ወደ ደጅ ይውጡ። ሁሉንም በአንድ ዓይነት ማጉያ፣ 6x ላይ ይበሉ፣ ያድርጓቸው፤ አንዱን በ4x ሌላውን በ9x ማነጻጸር ትርጉም የለውም። ብሩህ ነገር አይመልከቱ። ጥላ ያረፈበትን፣ የቁጥቋጦ ሥር የመሰለውን ቦታ አይተው ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ ለመለየት ይሞክሩ። ከዚያ ፀሐይ ወዳለችበት አቅጣጫ ቀረብ አድርገው ያዙሩት (ፀሐይዋን ራሷን በስኮፕ ማየት ዓይን ያጠፋል)። ምስሉ በነጭ ጭጋግ ከተሸፈነ ቅቡ ደካማ ነው። ጭንቅላትዎን በትንሹ ግራና ቀኝ፣ ፊትና ኋላ ያንቀሳቅሱ። ምስሉ ወዲያው የሚጠቁር ከሆነ ሜዳ ላይ በችኮላ ሲያነጣጥሩም ይጠቁርብዎታል።

ስለ ትልቁ የፊት ሌንስ አንድ ሒሳብ እንጨምር። 40 ለ 9 ሲካፈል 4.4 ሚሊሜትር፣ 50 ለ 9 ደግሞ 5.6 ሚሊሜትር ነው። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ብሌኑ በጨለማም ከ5 ሚሊሜትር ብዙም አይሰፋምና ትርፉ ባክኖ ይቀራል። በ40ው ስኮፕ ማጉያውን ከ9 ወደ 6 ቢያወርዱት 6.7 ሚሊሜትር ያገኛሉ፤ ለዚህ የሚከፍሉት ነገር የለም። የ50ው ስኮፕ ከፍ ያለ ቀለበት ስለሚፈልግ ጉንጭዎ ከሰደፉ ይነሳል፤ እሱ ራሱ ተኩስ ያበላሻል።

ሱቅ ውስጥ በምንም መንገድ የማያዩት ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። በትልቁ ቱቦ ውስጥ ሌንስና መስቀለኛውን የያዘ ሌላ ትንሽ ቱቦ አለ። በአንድ ጫፉ እንደ ማጠፊያ ተይዟል፤ በሌላው በኩል ከላይና ከጎን ያሉት መዞሪያዎች በብሎን ይገፉታል፣ ከተቃራኒው ወገን ሞላ ይመልሰዋል። ጠመንጃው በተተኮሰ ቁጥር ይህ ትንሽ ቱቦ ይወራጫል። ሞላው የላላ ወይም ብሎኑ ለስላሳ ከሆነ መዞሪያው «ጠቅ» ይላል፣ መስቀለኛው ግን ባለበት ይቆያል፤ ከአንድ ሁለት ጥይት በኋላ ዘሎ ይሄዳል። እርስዎ ግራ ገብቶዎት እንደገና ያዞራሉ፣ እሱ እንደገና ይዘላል። ስኮፕ ከመስኮትነቱ በፊት ማነጣጠሪያ ነውና ገዢዎች ሲከራከሩ ስለ መስታወቱ የሚያወሩትን ግማሽ ያህል ስለዚህ ሞላ ቢያወሩ ብዙ ገንዘብ ይድናል።

ጥያቄ፦ እንግዲያው መዞሪያው እውነቱን መናገሩን የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ እንዴት ልፈትሽ? (ከዚያው ጠያቂና ከሌሎች ሁለት)

መልስ፦ ረጅም ካርቶን፣ ሜትር፣ ቱንቢና የተኩስ ሜዳ ይበቃል። ካርቶኑ ላይ ከታች አንድ ነጥብ ያድርጉ። ከነጥቡ ተነሥተው በቱንቢ ልክ ወደ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ፣ 20.9 ኢንች ላይ አግድም ምልክት ያድርጉ። ካርቶኑን ልክ 100 ያርድ ላይ ያቁሙት። ርቀቱን በመለኪያ ሜትር ይለኩ፤ በእርምጃ የተለካ መቶ ያርድ 95 ወይም 104 ሆኖ ይገኝና ስኮፑን ያለ ጥፋቱ ያስወነጅሉታል።

ጠመንጃውን ከድጋፍ ላይ አድርገው የመስቀለኛው ቁም መስመር ካስመሩት መስመር ጋር እስኪገጥም ያስተካክሉ። ታችኛውን ነጥብ ዒላማ አድርገው ሦስት ይተኩሱ። ከዚያ መዞሪያውን 20 ሞአ (የማዕዘን መለኪያ፤ አንዱ በመቶ ያርድ 1.047 ኢንች) ወደ ላይ ያዙሩ፦ በሩብ ሞአ ጠቅታ 80 ጠቅታ ነው። አሁንም ታችኛውን ነጥብ ዒላማ አድርገው ሦስት ይተኩሱ። ወደ ዜሮው መልሰው የመጨረሻ ሦስት ይጨምሩ። የሁለተኛው ክምችት (የሦስቱ ጥይቶች ቀዳዳዎች) መሐል ከመጀመሪያው 20.9 ኢንች ከፍ ሊል፣ ሦስተኛው የመጀመሪያው ላይ ሊያርፍ ይገባል። ክምችቱ ከመስመሩ ወደ ጎን ከሸሸ ስኮፑ ቀለበቱ ውስጥ ዘሟል ማለት ነው። «ሚል» በተባለው ሌላ የማዕዘን መለኪያ ለተሠራ ስኮፕ 6 ሚል አዙረው 21.6 ኢንች ይጠብቁ።

አንድ ኢንች ቢጎድል ስሕተቱ 5 በመቶ ገደማ ነው። ይህ ብዙ ነው ወይስ ትንሽ የሚለው በአተኳኮስዎ ይወሰናል። 500 ያርድ ለመምታት 12 ሞአ የሚያዞር ሰው 0.6 ሞአ፣ ማለትም ሦስት ኢንች ይስታል፤ ስኮፑን ይመልስ። አንዴ ዜሮ አድርጎ መዞሪያውን በክዳን የሚዘጋ አዳኝ ከሆኑ የ5 በመቶ ስሕተት አይነካዎትም፤ የሚነካዎት ሦስተኛው ክምችት ነው። እሱ ወደ ቦታው ካልተመለሰ ስኮፑ ምንም ያህል የጠራ ቢሆን አያስቀሩት።

ስኮፕ ከመጫንዎ በፊት የሱቁን የመመለሻ ደንብ ያንብቡ። የቀለበት ጭረት ያለበትን የማይቀበሉ አሉ። ያን ጊዜ የሚያድነው የአምራቹ ዋስትና ነው። የሊዮፖልድም የቮርቴክስም የስኮፕ ዋስትና ለዕድሜ ልክ ነው፤ የመጀመሪያው ገዢ መሆንዎንም አይጠይቅም።

ጥያቄ፦ ስኮፔ በየ10 እና 20 ጥይቱ ዜሮውን ይስታል። ጓደኛዬ «ጣለውና ደህና ግዛ» አለኝ። (ከዴንቨር)

መልስ፦ ገና አይጣሉት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ላላ ባለ ማያያዣ ላይ የ2,000 ዶላር ስኮፕ ቢሰቅሉም በሚቀጥለው ቅዳሜ ያው ነው።

ሁሉንም ይፍቱ። ከማያያዣው ብሎኖች ይጀምሩ። የብሎኑን ጥርስና ቀዳዳውን በአልኮል ያጽዱ፤ ከፋብሪካ የመጣ ዘይት ብሎን ያስለቅቃል። ማያያዣውን ያለ ስኮፕ አስቀምጠው እያንዳንዱን ብሎን ለየብቻው ሲያጠብቁ ማያያዣው በእርግጥ መያዙን ይመልከቱ። የፊተኛው ብሎን ረዝሞ በርሜሉን ሲነካ ካቻቢቴው ላይ «ጠበቀ» የሚል ስሜት ይሰጣል፣ ማያያዣው ግን አልተያዘም። ይህ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም፣ ብዙ ጊዜም በስኮፑ የሚሳበብ ጥፋት ነው። መፍትሔው ብሎኑን በልኩ ማሳጠር ነው።

የማያያዣውን ብሎኖች ከ20 እስከ 25 ኢንች ፓውንድ (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ)፣ የቀለበቱን ክዳን ብሎኖች ከ15 እስከ 18 ኢንች ፓውንድ ያጥብቁ። ቀለበቱ ፒካቲኒ ሐዲዱን (ጠመንጃው ላይ ያለውን ጥርሳም መያዣ) የሚነክስበት ትልቁ ብሎን እንደ አምራቹ ከ45 እስከ 65 ይደርሳል። የአምራቹ ወረቀት ሌላ ቁጥር ካለው እሱን ይከተሉ። ለዚህ ቶርክ (የማጥበቂያ ኃይሉን) የሚለካ ካቻቢቴ ያስፈልጋል፤ ከ50 እስከ 70 ዶላር ያወጣል፣ ከማንኛውም ማጉያ በላይ ይጠቅማል። በእጅ ስሜት የሚያጠብቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የማያያዣውን አላልቶ የቀለበቱን ያንቃል። ቀለበት ሲታነቅ ቱቦው ይሰረጎዳል፣ ውስጠኛው ቱቦም መንቀሳቀስ ያቅተዋል። ሰማያዊ ሎክታይት (የብሎን ማጣበቂያ) የማያያዣው ብሎኖች ላይ ብቻ አንድ ጠብታ ይበቃል። ቀለበቱ ላይ አያድርጉ፤ እርጥብ ሳለ ብሎኑን ስለሚያንሸራትት ያው 18 ኢንች ፓውንድ ከደረቁ በላይ ይጨብጣል።

የቀለበቱን ክዳን በመስቀል ቅደም ተከተል፣ በየተራ ሩብ ዙር እያደረጉ ያጥብቁ፤ በሁለቱም ጎን ያለው ክፍተት እኩል ይሁን። ጠመንጃው በውሃ ልክ፣ መስቀለኛው በቱንቢ ክር ልክ ይሁን። በመጨረሻ ከቀለበቱ ወደ ቱቦው የሚያልፍ ቀጭን የጥፍር ቀለም መስመር ያስምሩ። ከ20 ጥይት በኋላ መስመሩ ከተሰበረ ስኮፑ እየተንሸራተተ ነው።

ይህን ሁሉ ጨርሰው ሰደፉን ከጠመንጃው የሚያያይዙትን ብሎኖችም ካጠበቁ በኋላ አሁንም ከሳተ፣ የተረጋገጠ ስኮፕ ከጓደኛ ተውሰው እዚያው ላይ ይጫኑ። እሱ ካልሳተ ያን ጊዜ የእርስዎ ስኮፕ ወደ አምራቹ ይሂድ።

እንደገና ዜሮ ሲያደርጉ ከ25 ያርድ ይጀምሩ። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጠው ቦልቱን አውጥተው በበርሜሉ ውስጥ ዒላማውን መሐል ያስገቡ፣ ጠመንጃውን ሳያንቀሳቅሱ መስቀለኛውን እዚያው ያምጡ። በሩብ ሞአ መዞሪያ አንድ ኢንች ለማንቀሳቀስ በ25 ያርድ 16 ጠቅታ፣ በመቶ ያርድ 4 ጠቅታ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው በ25 ያርድ 4 ጠቅታ አዙሮ «ስኮፑ አይሠራም» ይላል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በየዓመቱ ስኮፕ ይቀይራል። ዘንድሮ 5-25x56 ካልገዛሁ ይላል። የምናድነው ኤልክ (ትልቅ የአጋዘን ዓይነት) ነው፤ ከ300 ያርድ በላይ ተኩሶ አያውቅም። ምን ልበለው? (ከኮሎራዶ)

መልስ፦ ክብደቱን ይጠይቁት። የዚህ ዓይነት ስኮፕ አብዛኛው ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል፣ አልፎም የሚሄድ አለ። ተራራ ላይ የሚሸከመው እሱ ነው።

25x ወረቀት ላይ ለሚተኩስ ሰው ጥሩ ነው። በአደን ግን ሙቀት ያለበት ቀን የአየሩ መርገብገብ አብሮ ይጎላል፣ የእጅ መንቀጥቀጥ አብሮ ይጎላል፣ የእይታው ስፋት ይጠባል፤ ከተተኮሰ በኋላ እንስሳው የት እንደገባ ማየት አይቻልም። እስከ 300 ያርድ 9x ወይም 10x ለኤልክ ይበቃል። በየዓመቱ በቀየረ ቁጥር ደግሞ አዲስ ቀለበት፣ ዜሮ ለማድረግ ከ20 እስከ 40 ጥይት፣ አሮጌውን ሲሸጥም ኪሳራ አለ። የረጅም ርቀት ውድድር ሊጀምር ከሆነ ግን ሐሳቡ ቦታ አለው፤ አደኑን በአሮጌው፣ ውድድሩን በአዲሱ ያድርግ።

መግዛቱ ካልቀረ የመስቀለኛውን ዓይነት ይይ። በአንደኛው ፎካል ፕሌን ያለ መስቀለኛ ከማጉያው ጋር አብሮ ይጎላል፤ በላዩ ያሉት ምልክቶች በየትኛውም ማጉያ ልክ ናቸው፣ ነገር ግን 5x ላይ እንደ ሸረሪት ድር ቀጥነው ጫካ ውስጥ ይጠፋሉ። በሁለተኛው ፎካል ፕሌን ያለው መጠኑ አይለወጥም፤ ምልክቶቹ ልክ የሚሆኑት በአንድ ማጉያ ብቻ፣ አብዛኛውን ጊዜ በከፍተኛው ነው። ለአዳኝ ሁለተኛው ይሻላል ባይ ነን።

ጥያቄ፦ ሞአ ወይስ ሚል? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ ትክክለኛነታቸው እኩል ነው። በሜትር ለለመደ ሰው ሚል ይቀላል፦ አንድ ሚል በመቶ ሜትር 10 ሴንቲሜትር፣ አንድ ጠቅታ (0.1 ሚል) አንድ ሴንቲሜትር ነው። የአሜሪካ ሜዳዎች በያርድ ስለሆኑ ጓደኞችዎ በኢንች የሚያወሩ ከሆነ ሞአ ይውሰዱ፤ አንዱ በመቶ ያርድ 1.047 ኢንች ነው። የማይገዛው መስቀለኛው በሚል፣ መዞሪያው በሞአ የሆነው ነው። እንዲህ ያሉ አሁንም በርካሽ ይሸጣሉ፤ የረከሱትም ለዚሁ ነው።

ጥያቄ፦ አጎቴ «ስኮፕ መተኮስ ለማይችል ሰው ነው» ይላሉ። እሳቸው አገር ቤት በምንሽርና በውጅግራ ነው ያደጉት። ምን ልመልስላቸው? (ከቴክሳስ)

መልስ፦ አጎትዎ ስለ ችሎታ የሚሉት ትክክል ነው። በኦሊምፒክ የ50 ሜትር ጠመንጃ ውድድር ቴሌስኮፕ አይፈቀድም፤ በባያትሎንም (የበረዶ ሸርተቴና የተኩስ ውድድር) እንዲሁ። ተኝተው የሚተኩሱበት የባያትሎን ዒላማ በ50 ሜትር 45 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ያለ ስኮፕ ይመቱታል። እነዚህ ተኳሾች ግን የሚጠቀሙት ከኋላ ትንሽ ቀዳዳ ያለው ማነጣጠሪያ እንጂ እንደ ምንሽር ያለ ክፍት የኋላ ማነጣጠሪያ አይደለም፤ የሚተኩሱትም ነጭ ላይ ባለ ጥቁር ክብ ነው።

አደን ላይ ሒሳቡ ይለያል። ከዓይን 80 ሴንቲሜትር የራቀ 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የፊት ማነጣጠሪያ በመቶ ሜትር 25 ሴንቲሜትር ይሸፍናል። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ስፍራ ወደ 20 ሴንቲሜትር ስፋት አለው፤ ማነጣጠሪያው ከዒላማው ይሰፋል ማለት ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ ደግሞ ዓይን የኋላውን፣ የፊቱንና ዒላማውን በአንድ ጊዜ ማጥራት ያቅተዋል። ስኮፕ መስቀለኛውንና ዒላማውን አንድ ርቀት ላይ ስለሚያመጣቸው ያንን ድካም ያስቀራል። አጎትዎ አሁንም ስኮፕ ካልወደዱ ከኋላ ቀዳዳ ያለው ማነጣጠሪያ ያስገጥሙላቸው፤ ከ100 ዶላር ብዙም አያልፍም፣ ክብራቸውንም አይነካም።

ጥያቄ፦ በሞላ የሚሠራ የአየር ጠመንጃ ላይ የጫንኩት ስኮፕ በሁለት ወር ተበላሸ። ርግጫ የሌለው ጠመንጃ እንዴት ይሰብራል? (ከሚኒሶታ)

መልስ፦ ርግጫ አለው፤ ሁለት ነው። ፒስተኑ ወደፊት ሲወረወር ጠመንጃው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ፒስተኑ መጨረሻው ላይ ሲመታ ጠመንጃው በድንገት ወደፊት ይገፋል። ተራ ስኮፕ የተሠራው የኋላውን ርግጫ ብቻ እንዲችል ነው። ሣጥኑ ላይ ለሞላ የአየር ጠመንጃ መሆኑ የተጻፈበትን፣ ፓራላክሱ (ምስሉ ከመስቀለኛው ጋር የሚገጥምበት ርቀት) እስከ 10 ያርድ የሚወርደውን ይግዙ፤ የመቶ ያርዱ በ20 ያርድ ምስሉ ይደበዝዛል። ቀለበቱ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ማገጃ ፒን ያለው ይሁን።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ስኮፕ መግዛት ያዋጣል? (ከጆርጂያ)

መልስ፦ ዋስትናው ከስኮፑ ጋር የሚተላለፍ ከሆነ በጣም ያዋጣል፤ እኛ በ300 ዶላር አዲስ ከመግዛት ያገለገለ የ500 ዶላር እንመርጣለን። ቱቦው ላይ የቀለበት ጭረት ያለ ነው፤ ስርጉድ ካለ ግን ይለፉት። መዞሪያዎቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያዙሯቸው፤ ጠቅታው መሐል ላይ የሚላላ ወይም የሚንገጫገጭ አይሁን። ሌንሱን በእጅ ባትሪ ከፊት አብርተው ውስጡ ላብ ወይም ብናኝ እንዳለ ይዩ፤ ላብ ካለ ጎሚኒው አልቋል።

ከታወቀ ስም ጋር ዋጋው ግማሽ ሆኖ የመጣ «አዲስ» ስኮፕ አስመስሎ የተሠራ ሊሆን ይችላልና የመለያ ቁጥሩን ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ወደ አምራቹ ደውለው ያጣሩ። አስመስለው የሠሩትን አምራቹ አይጠግንም።

ጥያቄ፦ ስኮፕ በፖስታ እስከ ቤቴ ድረስ ማስመጣት እችላለሁ? አንዱን አገር ቤት ላለው ወንድሜስ ልላክለት? (ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ)

መልስ፦ የመጀመሪያው ቀላል ነው። ስኮፕ በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ጦር መሣሪያ ስላልሆነ እንደ ማንኛውም ዕቃ ቤትዎ ይመጣል።

ሁለተኛውን አይሞክሩት። የጠመንጃ ስኮፕ ከአሜሪካ ሲወጣ 0ኤ504 በሚል ቁጥር የንግድ ሚኒስቴር የሚቆጣጠረው ዕቃ ነው፤ ወደ ኢትዮጵያ ለመላክ ፈቃድ ያስፈልጋል። በሻንጣ ይዞ መሄድም እንደ መላክ ይቆጠራል። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ለወንድምዎ የእጅ ባይኖኩላር ይላኩላቸው፤ 8x42 ለተራራም ለወፍም ይሆናል።